ከአዲስ አበባ ሳይወጡ ጥንታዊ ታሪክና ክላሲክስን በዲግሪ ማጥናት፦ ከዲፓርትመንት ምርጫ እስከ ሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ)

በሩ ላይ «ክላሲክስ» የሚል የተለጠፈበት ዲፓርትመንት ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም። የጥንቱን የግሪክና የሮም ታሪክ፣ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አንድ ላይ ጠቅልሎ በባችለር ዲግሪ ማስተማር በብዛት የአውሮፓና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ ነው። እንዲያም ሆኖ ለጥንቱ ዓለም ልቡ የተሳበ የአዲስ አበባ ተማሪ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም። በር ላይ የተለጠፈውን ስም ተዉትና ቋንቋውን ያዙ፤ ወደ ግሪክና ሮም ደግሞ በአክሱም በኩል ግቡ። አክሱም ከዚያ ዓለም ጋር የሚነግድ፣ በግሪክኛ ጽሑፍ ድንጋይ የሚያስቀርጽና ሳንቲም የሚያስመታ መንግሥት ነበር። ስለዚህ በዚህ በኩል የሚገባ ተማሪ ከዋናው መንገድ ወጣ የሚለው የለም።

አንደኛ፦ የምትገቡበትን እወቁ

ትምህርቱ በሦስት ጉልቻ ላይ ይቀመጣል፦ ቋንቋ፣ ጽሑፍና ቁስ። ቋንቋው ግሪክኛና ላቲን ነው፤ ለእኛ ግዕዝ ይጨመርበታል። ጽሑፉ የታሪክ ጸሐፊዎቹ፣ የባለቅኔዎቹና የፈላስፎቹ ሥራ ነው። ቁሱ ደግሞ ሳንቲም፣ ሸክላ፣ ሕንፃና የድንጋይ ጽሑፍ ነው። በውጭ አገር «ጥንታዊ ታሪክ» የሚባለው ዲግሪ ብዙ ጊዜ ቋንቋውን አያስገድድም፤ ተማሪው በትርጉም እያነበበ ይመረቃል። «ክላሲክስ» የሚባለው ግን በብዛት ያለ ግሪክኛ ወይም ላቲን አይታሰብም። የትኛው እንደሚስባችሁ ከወዲሁ ለይታችሁ ካላወቃችሁ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ቋንቋው ሲከብዳችሁ ሁሉንም ትተዉታላችሁ።

«ታሪክ ተምረሽ ምን ልትበዪ ነው?» የሚለው የቤት ውስጥ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እውነቱን መናገር ይሻላል። ሥራው ሙዚየም፣ ቅርስ ባለሥልጣን፣ ማስተማር፣ አስጎብኚነት፣ ትርጉም፣ ጋዜጠኝነትና የኅትመት ሥራ ነው፤ ደመወዙ ከአካውንቲንግ ወይም ከሶፍትዌር ጋር አይወዳደርም። የቋንቋ ችሎታ ያለው ተመራቂ ግን ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክት በእጁ የሚያሳየው ነገር አለው። ግዕዝ ዛሬ ሐምቡርግም ቶሮንቶም የሚማሩት ቋንቋ ነው። እዚያ ያለ ተማሪ ከሀሁ ሲጀምር እናንተ ፊደሉን ከአፀደ ሕፃናት ጀምሮ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛ፦ መግቢያና የዲፓርትመንት ምርጫ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የቅበላ አሠራሩ ተለውጧል፤ ያምና ተማሪ የነገራችሁ ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። የሬጅስትራሩን ማስታወቂያ ራሳችሁ አንብቡ። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርስ ነው፤ ዲፓርትመንት የሚደርሳችሁም በዚያ ዓመት ጂፒኤ ነው። ታሪክ ወዳድ ተማሪ ፍሬሽማን ላይ ሒሳብን ንቆ የፈለገው ክፍል ያመለጠው ሞልቷል።

ምርጫው በተግባር በታሪክና በአርኪዮሎጂ መካከል ነው። ልባችሁ ያለው ጽሑፍ ላይ ከሆነ ታሪክ፣ አፈርና ሸክላ ላይ ከሆነ አርኪዮሎጂ ግቡ። ከመፈረማችሁ በፊት የሁለቱንም ካሪኩለም ጠይቃችሁ ኮርስ በኮርስ አንብቡ፤ ስለ ጥንቱ ዘመን የሚያወራው ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ጥቂት ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ፤ ቀሪውን በኢሌክቲቭ (በምርጫ ኮርስ) ሙሉት። ፕላቶንና አርስጣጣሊስን የሚያስተምረው የፍልስፍና ክፍል ነው፤ የቋንቋ ሥርዓት ምን እንደሆነ የሚያሳየው ሊንጉስቲክስ ነው። ከእነዚህ ክፍሎች ኮርስ ለመውሰድ አድቫይዘራችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመጣያ ጊዜ) ሊዘጋ ሲል የሚመጣን ተማሪ ማንም በጥሞና አያዳምጠውም።

ሦስተኛ፦ ግዕዝን መጀመሪያ

ግሪክኛው ያጓጓል፤ ግን ግዕዝ ይቅደም። ምክንያቱ ስሜት አይደለም። ለጥንታዊው ዓለም ታሪክ የሚያስፈልጉ አንዳንድ መጻሕፍት በሙሉ አካላቸው የተረፉት በግዕዝ ብቻ ነው። መጽሐፈ ሄኖክን ሁሉም ያውቀዋል፤ የኒቅዩው ዮሐንስ የጻፈውን የዓለም ታሪክ ግን ጥቂቱ ነው የሚያውቀው። ይህ የግብፅ ጳጳስ በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የዓረቦችን ግብፅ መያዝ ለዘመኑ ቅርብ ሆኖ ጽፏል። የመጀመሪያው ቅጂ ጠፍቷል፤ ወደ ዓረብኛ የተመለሰውም ጠፍቷል። የቀረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ብቻ ነው። የአሌክሳንድርያዋ ፈላስፋ ሃይፔሽያ በ415 እ.ኤ.አ. እንዴት እንደተገደለች የሚተርክ አንድ ምዕራፍ እዚያ ውስጥ አለ፤ ጸሐፊው ከገዳዮቿ ጋር ስለሚወግን ለተማሪ ትልቅ መልመጃ ነው።

መማሪያ ቦታ አራት ኪሎ ቅርብ ነው። ቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነው፤ በየአጥቢያው ደግሞ ቅኔ የተቀኙ የኔታዎች አሉ። የኔታ ዘንድ ስትሄዱ እንደ ኮርስ አትቁጠሩት። «ሰዋስውና ግስ መማር እፈልጋለሁ» በሉ፤ ጊዜያቸውን ጠይቁ፤ ሰዓት አክብሩ። የሚያስተምሯችሁ ከዩኒቨርሲቲው በተለየ መንገድ ነው። በንባብ ይጀምራሉ፦ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ፣ ወዳቂ። ከዚያ ስምንቱን የግስ አርእስት ያስይዟችኋል፦ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ገብረ፣ አእመረ፣ ባረከ፣ ሤመ፣ ብህለ፣ ቆመ። እነዚህን በቃል መያዝ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን ግስን በመደብና በቤተሰብ ማየት የለመደ ሰው የግሪክኛም የላቲንም ግስ አያስደነግጠውም።

መዝገበ ቃላት ስትፈልጉ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን አትለፉ፤ በ1948 ዓ.ም. በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አስተባባሪነት የታተመው ነው። የቮልፍ ሌስላው የ1987 እ.ኤ.አ. መዝገበ ቃላት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቃሉን ከሌሎች ሴማዊ ቋንቋዎች ጋር ያነጻጽራል። በዘርፉ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው የዲልማን መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1865 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን ፍቺው በላቲን ነው። ላቲን ለእኛ ምን ያደርግልናል ለሚል ይህን መጽሐፍ አሳዩት።

አራተኛ፦ ግሪክኛን በምታውቁት ጽሑፍ ጀምሩ

የአውሮፓ ተማሪ ብዙ ጊዜ በአቴናው ግሪክኛ ይጀምራል። እኔ ለአማርኛ ተናጋሪ የምመክረው ኮይኔን ነው፤ ማለትም ሐዲስ ኪዳን የተጻፈበትን፣ በሮም ዘመን ምሥራቁ ሁሉ የተግባባበትን። የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ያስቀረጸው ድንጋይም የአክሱም ወደብ የአዱሊስ ነጋዴም የሚናገሩት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ዘዴው እንዲህ ነው። አንድ ደብተር ወስዳችሁ ገጹን ሦስት ቦታ ክፈሉት። በመጀመሪያው ዓምድ የዮሐንስ ወንጌልን መነሻ በግዕዝ ጻፉ፦ «ቀዳሚሁ ቃል ውእቱ»። በሁለተኛው አማርኛውን ጻፉ፤ በሦስተኛው ግሪክኛውን፤ ሲነበብ «ኤን አርኬ ኤን ሆ ሎጎስ» ይላል። በቀን ሁለት ቁጥር ይበቃል። ትርጉሙን አስቀድማችሁ ስለምታውቁት ጉልበታችሁ በሙሉ በግሱና በሙያው (ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በሚሠራው ሥራ) ላይ ይውላል። ይህ የቋንቋ ስልት እንጂ የሃይማኖት ትምህርት አይደለም፤ ሙስሊም የሆነ ጓደኛችሁም ይጠቀምበታል። ዳዊትንም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል፤ የግዕዙ መዝሙር ከግሪክኛው ሰብዓ ሊቃናት የተተረጎመ ስለሆነ አቆጣጠሩ እንኳ ይገጥማል። በዕብራይስጡ 23ኛ የሆነው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በግዕዙም በግሪክኛውም 22ኛ ነው።

ፊደሉን በሳምንት ትይዙታላችሁ። የግዕዝ ቁጥር የምታውቁ ከሆነ እንዲያውም ግማሹን ይዛችኋል፤ ፩፣ ፪፣ ፫ የወጡት ግሪኮች ለቁጥር ከሚጠቀሙባቸው ፊደላት ነው። ለንባብ ፐርሲየስ የተባለው የታፍትስ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ በነጻ ይከፈታል፤ አንድ ቃል ስትነኩ ሥሩንና እርባታውን ይነግራችኋል። ሱስ እንዳይሆንባችሁ ግን መጀመሪያ ራሳችሁ ገምቱ፣ ከዚያ ንኩ።

ብቻችሁን አታጥኑ። ሦስት ሰው ካገኛችሁ በሳምንት አንድ ከሰዓት አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀጣጥራችሁ ጮክ ብሎ ማንበብ የሚቻልበት ጥግ ፈልጉ።

አምስተኛ፦ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን መንገድ ተጠቀሙበት

አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ጎብኚው ሁሉ ድንቅነሽን ሊያይ ይገባል፤ እናንተ ከአክሱም በፊትና በአክሱም ዘመን ወደነበሩት ዕቃዎች ሂዱ። አክሱም አቅራቢያ ሐውልቲ ከተባለው ስፍራ በቁፋሮ የተገኙት የተቀመጠችው ሴት ሐውልትና የድንጋዩ ዙፋን ብቻ አንድ ከሰዓት ያስቆማሉ። የጥንቱን የደቡብ ዓረቢያ ፊደል ስታዩ አቅጣጫውን አስተውሉ፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ይቅርና በእርሳስ ሣሉ። እጅ ሲሥል ዓይን ያላየውን ያያል፤ የአርኪዮሎጂ መምህራንም የሚያስገድዱት ለዚህ ነው።

ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ። ተማሪው በአጭሩ አይ ኢ ኤስ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ስለ አክሱም የተጻፈ ነገር ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በ1972 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ያሳተሙትን የኢትዮጵያ ጥንታዊና መካከለኛ ዘመን ታሪክ እዚህ ተቀምጣችሁ አንብቡ። ዕድሜው ቢገፋም የግሪክኛውን፣ የዓረብኛውንና የግዕዙን ምንጭ አንድ ላይ ይዞ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሥራ ከፈለጋችሁ ከእሱ ጀምሩ። አምስቱ የኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ቅጾችም የየርዕሱ መነሻ ናቸው። ለአጠቃላይ የግሪክና የሮም መጽሐፍ ኬኔዲ ላይብረሪን፣ ለብራናና ለቆየ ኅትመት ወመዘክርን (ብሔራዊውን ቤተ መጻሕፍት) ሞክሩ። የብራና ምስል ከቤት ሆኖ ለማየት የሐምቡርጉን ቤታ መጻሕፍትና የሚኒሶታውን ሂል ላይብረሪ ድረ ገጾች በነጻ ተጠቀሙ።

ስድስተኛ፦ ምንጭን መመርመር ልመዱ

የትምህርቱ ልብ ይህ ነው፤ በአንድ ጉዳይ ላሳያችሁ። የአክሱም ንጉሥ ክርስትናን እንዴት ተቀበለ? በልጅነታችን የተማርነው መልስ አለ፦ አብርሃና አጽብሃ፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን። አሁን ያንን መልስ ለጊዜው ጎን አድርጋችሁ ምንጮቹን አንድ በአንድ ጥሩ።

ድንጋዩ ይቅደም። ኢዛና በቤጃ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ያስቀረጸው ጽሑፍ በግሪክኛም በግዕዝም አለ፤ ግዕዙ ራሱ አንዴ በራሱ ፊደል፣ አንዴ በደቡብ ዓረቢያው ፊደል ተጽፏል። በግሪክኛው ንጉሡ የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ነው፤ በግዕዙ የማሕረም ልጅ። ግሪክኛ አንባቢ ማሕረምን ስለማያውቅ የራሱን የጦርነት አምላክ ስም ሰጡት። ከዚያ በኋላ በመጣ የግዕዝ ጽሑፍ ንጉሡ ድሉን የሰጠው የሰማይ ጌታ እንደሆነ ይናገራል፤ ሌላ የግሪክኛ ጽሑፍ ደግሞ አብን፣ ወልድን፣ መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ይጠራል። ሳንቲሙ ይከተላል፦ በመጀመሪያ ጨረቃና ክብ ነበረበት፣ በኋላ በቦታው መስቀል መጣ።

ሦስተኛው ምንጭ ሩፊኖስ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በላቲን የጻፈ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሲሆን የፍሬምናጦስን (የአባ ሰላማን) ታሪክ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ አፍ ሰማሁ ይላል። አገሩን ግን ህንድ ብሎ ይጠራታል፤ የንጉሡንም ስም አይነግረንም። አራተኛው ከሁሉ ያስገርመኛል፦ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና የላከው ደብዳቤ። የአሌክሳንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ በራሱ መከላከያ ጽሑፍ ውስጥ ገልብጦ አስቀርቶልናል። ደብዳቤው ፍሬምናጦስ ለምርመራ ወደ አሌክሳንድርያ ይመለስ ይላል፤ ንጉሠ ነገሥቱ የአርዮስን ወገን ይደግፍ ስለነበር አትናቴዎስ የሾመውን ጳጳስ አላመነውም።

አሁን ለእያንዳንዱ አምስት ጥያቄ ጻፉለት፦ ማን ጻፈው፣ በምን ቋንቋ፣ መቼ፣ ለማን፣ ምን ሳይናገር ቀረ? ድንጋዩ ስለ ፍሬምናጦስ አንድ ቃል የለውም። ሩፊኖስ ስለ ኢዛና አያውቅም። የአብርሃና የአጽብሃ ስም በእነዚህ በአራቱም የለም፤ የኢዛናና የሳይዛና ስም ደግሞ በትውፊቱ የለም። አንዳንዶች ሁለቱን ጥንዶች አንድ ያደርጓቸዋል፤ ሌሎች ትውፊቱ የ6ኛውን ክፍለ ዘመን ነገሥታት ስም ወደ ኋላ ወስዷል ይላሉ። የእናንተ ሥራ በአንድ ሴሚስተር ፍርድ መስጠት ሳይሆን፣ የትኛው አባባል በየትኛው ምንጭ ላይ እንደቆመ ሳያዛንፉ ማሳየት ነው። ትውፊትን መናቅም፣ ትውፊትን ከድንጋይ ጽሑፍ ጋር ማምታታትም ውጤት ያስቀንሳል፤ ማስቀነስም አለበት።

ሰባተኛ፦ የግሪክና የሮም ንባብ

ከግሪኩ የታሪክ ጸሐፊ ከሄሮዶቱስ ጀምሩ፤ ሦስተኛውን መጽሐፉን አስቀድሙ፣ የፋርሱ ካምቢሲስ በረጅም ዕድሜ በሚታወቁት «ኢትዮጵያውያን» ላይ ያደረገው ያልተሳካ ዘመቻ እዚያ አለ። ካርታ ግን ከጎናችሁ ይኑር። በሁለተኛው መጽሐፍ የ«ኢትዮጵያውያን» ዋና ከተማ ሜሮኤ እንደሆነች ይነግረናል፤ ያም የዛሬዋ ሱዳን ነው። ባለቅኔው ሆሜር የአማልክቱን አለቃ ዜውስን ለግብዣ የላከበትን አገር ይዞ «ይኸው እኛ ነን» ብሎ ወረቀት የጀመረ ተማሪ መምህሩ ሁለተኛውን ገጽ አይገልጥለትም። ከሄሮዶቱስ ወደ ቱሲዲደስ፣ ከዚያ ለሮም ወደ ፖሊቢዩስ፣ ሊቪና ታሲተስ። ሁሉንም ጨርሱ አልላችሁም፤ ከእያንዳንዱ አንድ መጽሐፍ በደንብ ይነበብ።

በዚህ መካከል የኤርትራ ባሕር መርከብ መምሪያ የሚባለውን የ1ኛው ክፍለ ዘመን የግሪክኛ ጽሑፍ አንብቡ። አጭር ነው፤ ስለ አዱሊስ ገበያ የሚያወራው ክፍል በአንድ ቁጭታ ያልቃል። የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ይወጣል፤ ልብስ፣ ብርጭቆ፣ ብረትና ጥቂት ወይን ይገባል። ዞስካሌስ የተባለውን ገዥ ገንዘብ ላይ ቆጥቋጣ፣ የግሪክኛ ጽሑፍ ግን የተማረ ይለዋል።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር፦ ደብተራችሁ ውስጥ ያለ ዓመተ ምሕረት ሁሉ የማን እንደሆነ ይጻፍበት። የጥንት ታሪክ መጻሕፍት በአውሮፓው ይቆጥራሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከነበረው 1 ቀጥሎ የሚመጣው 1 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዜሮ ዓመት የለም። ዘመን ስትቀንሱ ይህን ከረሳችሁ ስሌታችሁ በአንድ ዓመት ይዛነፋል።

ስምንተኛ፦ ላቲንና የዛሬዎቹ ቋንቋዎች

ላቲንን ሦስተኛ ዓመት ላይ፣ በክረምት ጀምሩ፤ ግሪክኛ ከቀደመ ይቀላል። ከዛሬዎቹ አንዱን ብቻ ምረጡ። ስለ አክሱም ድንጋዮች መጀመሪያ በሰፊው የታተመው የ1906 እ.ኤ.አ. የጀርመን ጉዞ ውጤት በጀርመንኛ ነው፤ ጽሑፎቹን አሰባስቦ የያዘው የ1991 እ.ኤ.አ. ትልቅ ሥራ በፈረንሳይኛ ነው። ጀርመንኛ የሚያስተምረው ጎተም ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስም ከተማው ውስጥ አሉ። ለዚህ ትምህርት እኔ ፈረንሳይኛን እመርጣለሁ።

ዘጠነኛ፦ ሲኒየር ኤሴይ

ርዕስ ማጥበብ ግማሽ ሥራ ነው። «የአክሱም ሥልጣኔ» ርዕስ አይደለም። የኒቅዩው ዮሐንስ ስለ ሃይፔሽያ የጻፈውን፣ ሶቅራጥስ የተባለው የ5ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ከጻፈው ጋር ማነጻጸር ርዕስ ነው፤ አንዱን በግዕዝ፣ ሌላውን በግሪክኛ ወይም በትርጉም ታነባላችሁ። ከበደ ሚካኤል በ«አኒባል» ተውኔታቸው የካርቴጁን የጦር መሪ እንዴት እንደሣሉት ከሊቪ ትረካ ጋር ማስተያየትም ርዕስ ነው፤ ይህን የሚሠራ ተማሪ ባገኝ ደስ ይለኛል። ሁለት ሦስት ሳንቲም ወይም አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ብቻ ይዞ ሠላሳ ገጽ መጻፍም ይቻላል።

ከሙዚየም ዕቃ ጋር የምትሠሩ ከሆነ የትብብር ደብዳቤ ከዲፓርትመንታችሁ ቀድማችሁ አጽፉ፤ የፎቶና የመለኪያ ፈቃድ ጊዜ ይወስዳል። ስትጠቅሱ የጥንት ጸሐፊን በገጽ ቁጥር አትጥቀሱ። ሄሮዶቱስ በመጽሐፍና በምዕራፍ ይጠቀሳል፦ 3.17። ሆሜር በመጽሐፍና በስንኝ ይጠቀሳል፦ ኢሊያድ 1.423። እንዲህ ሲሆን የትኛውም ትርጉም በእጁ ያለ አንባቢ ቦታውን ያገኘዋል። ትርጉሙ የማን እንደሆነ ግን መግለጽ አለባችሁ፤ ራሳችሁ ከተረጎማችሁትም እንዲሁ።

በመጨረሻው ሴሚስተር ኤሴዩና የመውጫ ፈተናው ይጋጫሉ። ፈተናው የዲፓርትመንቱን ዋና ኮርሶች እንጂ የግሪክኛ ግስ አይጠይቅም። ስለዚህ የኤሴዩን የመጀመሪያ ረቂቅ ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ለአድቫይዘራችሁ ስጡ፤ እሱ እስኪያነብ እናንተ ወደ ሃንድአውታችሁ ተመለሱ።